የጋፋት ፕሮጀክት የማጠቃለያ ግምገማ

መግቢያ

እኛ የፕሮጀክት ገምጋሚዎች ልማዳችን በጀቱ ሳያልቅ ለክተን፣ በጀቱ ሳያልቅ ፈርመን መውጣት ነው። በጀቱ ካለቀ በኋላ ምን ተረፈ ብሎ መጠየቅ ከሙያው ሥነ ምግባር ውጪ ነው፤ የሚከፍልበትም የለም። ይህ ግምገማ ከልማዱ የወጣ ነው። ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለጋሹም፣ አሰልጣኙም፣ ሰልጣኙም፣ ንጉሡም አፈር ለብሰዋል። ሳይፈራ የሚጻፈው እንዲህ ስላለው ነው። አንባቢ «ይሄ ማንን ነው?» እያለ እንዳይጨነቅም ከወዲሁ ላረጋጋው፤ እዚህ የተጠቀሱት ሁሉ የጥንት ሰዎች ናቸው። በዘመናችን ካለ ሰው፣ ቢሮ ወይም የስብሰባ አዳራሽ ጋር የሚመሳሰል ነገር ቢገኝ ጥፋቱ የታሪክ እንጂ የጸሐፊው አይደለም።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የወንጌል ሰዎች ሰላም ወደራቀው አገር ገብተው ሕዝቡን በእደ ጥበብ ሊያሰለጥኑ ተስማሙ። አሰለጠኑም። ከስልጠናው የተገኘው ትልቁ ምርት 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ ሆነ። በኛ ሙያ እንዲህ ያለው «ያልታቀደ ነገር ግን የሚታይ ውጤት» ይባላል።

የፕሮጀክቱ መነሻ

ለጋሹ በስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የክሪሾና ኮረብታ የተነሳ ሚሲዮን ነው። መሥራቹ ክርስቲያን ፍሪድሪሽ ሽፒትለር፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1840 ነው። የሰውየው ሐሳብ ለዘመኑ አዲስ ነበር፤ ሰባኪ ብቻውን አይላክ፣ አናጢው፣ ብረት ቀጥቃጩና ግንበኛው ይሂድ፤ በእጁ ሠርቶ ይብላ፤ ሰዉ ሥራውን አይቶ እምነቱን ይጠይቀው። መንገዱም ተቀይሷል። ከኢየሩሳሌም ተነስቶ በግብፅና በሱዳን አድርጎ ኢትዮጵያ የሚገባ፣ አሥራ ሁለት ጣቢያ ያለው፣ እያንዳንዱ ጣቢያ በአንድ ሐዋርያ ስም የሚጠራ «የሐዋርያት መንገድ»። ካርታ ላይ እንደዚህ ያማረ ፕሮጀክት በሙያ ዘመኔ አላየሁም። መሬት ላይ የተከፈቱት ጣቢያዎች ጥቂት መሆናቸው የካርታውን ውበት አይቀንሰውም።

የአገር ውስጥ ሁኔታ ጥናት አላስፈለገም፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው ነበርና። ሳሙኤል ጎባት በ1820ዎቹ ዓ.ም. መሳፍንቱ እርስ በርስ ሲፋጁ ጎንደርና አድዋ ላይ ኖሮ የተመለሰ፣ ኋላም የኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነ ሰው ነው። አንድ ጊዜ አገሩን ያየ የውጭ ሰው ዕድሜ ልኩን የዚያ አገር ባለሙያ ሆኖ ይቀራል። ይህ ያኔ የነበረ ልማድ ነው።

ጎባት የላካቸው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ማርቲን ፍላድ በ1847 ዓ.ም. ደረሱ። አጼ ቴዎድሮስ በዚያው ዓመት የካቲት ደረስጌ ማርያም ላይ፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ቅባዕ ቅዱስ ተቀብተው ገና መንገሣቸው ነበር። አቡኑ ራሳቸው ልጅ ሳሉ ካይሮ ከእንግሊዝ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረዋልና የእንግዶቹን ሸክም ሳይፈታ ያውቁታል። መልሱም በዚያው መጠን ግልጽ ሆነ፤ እደ ጥበበኛ ይምጣ፣ ስብከቱ ይቅር።

እንግዶቹ እሺ አሉ። በልባቸው ጥበቡ መግቢያ ነው፣ ወንጌሉ ይከተላል። ንጉሡም እሺ አሉ። በልባቸው ወንጌሉ የሚሸኝበት መንገድ አይጠፋም፣ ጥበቡ ይቀራል። ሁለቱም ወገን የተስማማው በአንድ ቃል ሲሆን፣ የተመኘው ሁለት ነገር ነበር። የትብብር ሰነድ ሁሉ የሚጸናው በዚህ ዓይነት ነው፤ አንዱ ሌላው የሚፈልገውን ጠንቅቆ ቢያውቅ ኖሮ ማንም ከማንም ጋር አይፈራረምም።

ግብዓት

በ1848 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ መጡ፤ ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን። ይዘው የመጡት ዋናው ግብዓት በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ንጉሡ በመጽሐፉ ፋንታ አንድ ሳጥን ባሩድ ቢመጣላቸው ይመርጡ እንደነበር ይተረካል። በኛ ቋንቋ ይህ «የግብዓትና የፍላጎት አለመጣጣም» ሲሆን፣ መፍትሔው ፍላጎቱን ማስተካከል ነው። በጋፋት የተስተካከለው ግን ግብዓቱ ነበር።

ትንሽ ቆይተው ቴዎፊል ቫልድማየርና ካርል ዛልሙለር ተጨመሩ። ከሚሲዮኑ ውጪ ያሉ አማካሪዎችም ተገኙ፤ ሞሪትዝ ሆል የሚባል የፖላንድ ተወላጅ፣ ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ፣ ኤድዋርድ ጻንደር የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ። ሠዓሊ በመድፍ ሥራ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። በእንዲህ ያለ አገር ማንም የተቀጠረበትን ሥራ እንደማይሠራ የሚያውቅ ግን አይጠይቅም።

የሥራ ቦታው ጋፋት ሆነ፤ ከደብረ ታቦር ብዙም የማይርቅ ኮረብታ። እዚያ ቤት ተሠራ፣ ምድጃ ተተከለ፣ ልጆች ሙያ እንዲማሩ ተመደቡ፣ መንገድ ተቀየሰ፣ ሰረገላ ተበጀ፣ የተሰበረ ጠመንጃ ተጠገነ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሪፖርት ቢጻፍ ማንም ለጋሽ የሚኮራበት ነበር። የተሰበረ ጠመንጃ መጠገንም ቢሆን «የአነስተኛ ጥገና ሙያ» በሚል ርዕስ ሥር ያለችግር ይገባል።

የሠራተኞቹ ከማኅበረሰቡ ጋር መዋሐድም ይመሰገናል። ቫልድማየር የንጉሡ ወዳጅና ሊቀመኳስ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ፤ እናቷ ያገር ልጅ ናት። ንጉሡም ለጋፋት ሰዎች እጃቸው አይታጠፍም ነበር፤ ልብስ፣ በቅሎ፣ ብር ይሸልሟቸዋል። በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ፣ ግቢውም ጎረቤት፣ ሽልማቱም ተከታታይ ነበር።

ዋናው ዓላማ ማለትም የነፍስ ጉዳይ እንዴት ሆነ? እሱም አልቀረም። ፍላድ ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮች ተመላለሰ፤ ከለንደን የመጣው ሄንሪ ስተርንም በዚያው መስክ ተሰማራ። የተፈቀደው ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ ያመነው ሁሉ የሚጠመቀው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ የስልጠናው ወጪ በእንግዶቹ በጀት፣ የተጠመቀው ቁጥር በሌላ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ ተመዘገበ። አንድ ተጠቃሚ በሁለት ድርጅት ሪፖርት የሚቆጠርበት ዘመን ገና አልመጣም ነበር።

የአቅም ግንባታው

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ንጉሡ አንድ ቀን ጋፋት ያሉትን መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አዘዙ። ሰዎቹ የመለሱት እውነቱን ነው፤ አንችልም፣ ተምረነው አናውቅም። በፕሮጀክት ታሪክ ውስጥ አሰልጣኝ «ይህን አላውቅም» ሲል የተሰማበት ብቸኛው ጊዜ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ለዚህ ቅንነታቸው በዚህ ግምገማ ተጨማሪ ነጥብ ተሰጥቷቸዋል።

ንጉሡ ግን አላውቅም የሚል መልስ አልለመዱም። እንደሚተረከው የእንግዶቹን አሽከሮች አሳስረው፣ እስኪሞከር አይፈቱም አሉ። ከዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። መድፍ አላውቅም ያለው እንግዳው ነው፤ በሰንሰለት የታሰረው ያገር ልጅ ነው። ፕሮጀክቱ እስከ መጨረሻው የሚከተለው የሥራ ክፍፍል እዚህ ላይ ተወሰነ።

እንግዶቹ መጽሐፍ አገላበጡ፣ ተማከሩ፣ ሞከሩ። የመጀመሪያው ከሸፈ። ደግመው ሞከሩ። በጋፋት ኮረብታ ላይ ያለውን ሥራ በዓይነ ሕሊና ቀርቦ ማየት ይቻላል፤ ከየቦታው የተሰበሰበው መዳብ ይከመራል፣ ጭቃው ተረግጦ ቅርጹ ይበጃል፣ እንጨቱ ከሩቅ በሰው ጀርባ ይመጣል፣ ወናፉ ሌሊቱን ሲያጓራ ያድራል፣ ፊታቸው በጥላሸት የጠቆረ ልጆች ተራ በተራ ይነፉታል። ንጉሡም ከሥራው አይርቁም። ሰም የሚያቀልጥ አንጥረኛ ከውስጡ ምን እንደሚወጣ ያውቃል፤ ጋፋት ላይ ግን ሰሙን የሠራው ሌላ፣ ወርቁን የሚጠብቀው ሌላ ነበር። በመጨረሻ ነሐሱ በቅርጹ ሞልቶ ረጋ። ቅርጹ ሲሰበር ከውስጡ ሰፊ አፍ ያለው ግዙፍ መድፍ ወጣ።

ስሙም ሰባስቶፖል ተባለ፤ በክራይሚያ ጦርነት ያውሮፓ ኃያላን ለወራት የተፋጁባት ከተማ ስም። ንጉሡ እጅግ ተደሰቱ፤ ሠሪዎቹም ተሸለሙ። ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡት ሰዎች ከአውሮፓ ካመጧቸው ነገሮች ሁሉ በዚያ አገር ሥር የሰደደው ይህ አንድ ስም ነው። ዛሬም የአዲስ አበባ ልጅ የሐዋርያቱን ጣቢያዎች ስም ባያውቅ ሰባስቶፖልን ያውቃል።

በዚህ ክፍል ላይ የገምጋሚው አስተያየት፦ የዕውቀት ሽግግሩ የተሳካ ነው። ሽግግሩ ከማን ወደ ማን እንደሆነ ለማጣራት ግን አልተቻለም። አሰልጣኙ የማያውቀውን ተማረ፤ ንጉሡ የፈለጉትን አገኙ፤ ሰልጣኙ ወናፍ ነፋ።

ስጋትና የስጋት አያያዝ

ማንኛውም ፕሮጀክት የስጋት ሰንጠረዥ ያስፈልገዋል። የጋፋቱ ሰንጠረዥ አልተገኘም፤ ስጋቶቹ ግን በየተራ ተገኝተዋል።

አንደኛ፣ የደብዳቤ ስጋት። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው በእንግሊዙ ቆንስል በካሜሮን በኩል ላኩ። ወዳጅነት፣ መልእክተኛ፣ የጋራ ጠላትን መከላከል የሚል ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ለንደን ገባ፤ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ተመራ፤ ከዚያ በኋላ መልስ ሳይጻፍበት ቀረ። ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ውስጥ ተቀብሮ አገር የሚያፈርስበት ዘመን ስላለፈ ዝርዝሩን ማንሳት አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ የሠራተኛ ደህንነት ስጋት። መልሱ ሲዘገይ ቁጣው ቀረበ። ስተርን በ1856 ዓ.ም. ጥቅምት ተደብድቦ ታሰረ፤ ከእሱ ጋር የነበሩ ሁለት አሽከሮች ግን ተደብድበው ሞቱ። የስተርን ስም በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሁሉ አለ፤ የሁለቱ ግን ብዙም አይነሳም። ከሁለት ወር በኋላ ቆንስሉም በሰንሰለት ገባ። ለማስፈታት የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም በ1858 ዓ.ም. ጥር ደረሰ፤ በክብር ተቀበሉት፤ ኋላ እሱም ከእስረኞቹ ተደመረ።

ሦስተኛ፣ የተጨማሪ ባለሙያ ጥያቄ። ንጉሡ በዚያው ዓመት ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ጠመንጃ ሠሪና መድፍ አቅላጭ ይዞ እንዲመጣ። ሚስቱና ልጆቹ እስኪመለስ ቆዩ፤ ባሁኑ አነጋገር መያዣ ናቸው። ባለሙያዎቹም ተቀጠሩ፣ መሣሪያውም ተገዛ፣ ምጽዋ ድረስም ደረሰ። ከዚያ በላይ ግን አልመጣም። የለጋሽ ዕቃ ወደብ ላይ ሲያረጅ የመጀመሪያው ይህ እንደሆነ ሊቃውንት ይመርምሩት።

በቅሬታ አቀራረብ ሥርዓቱ ላይ የተገኘው አንድ የቃል ሰነድ ብቻ ነው፤ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ»። አጭርና ግልጽ ስለሆነ ማሻሻያ አልቀረበበትም።

የማኅበረሰብ ተሳትፎ

ይህ ክፍል ለለጋሾች ልብ የሚቀርበው ክፍል ነው። ብዙ ፕሮጀክቶች ማኅበረሰቡ አልተሳተፈም ተብለው ይወቀሳሉ። ጋፋት በዚህ አይወቀስም።

ንጉሡ በዚያን ጊዜ የሚገዙት አገር እየጠበበ ሄዷል። በየአቅጣጫው ሸፍተውባቸዋል። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ተዘረፉ። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ ደብረ ታቦር በእሳት ተለኮሰች፤ ሠራዊቱ ሰባስቶፖልን ይዞ ወደ መቅደላ ተነሳ። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ፈጀ።

ሥራው ቀላል ነው፤ መጎተት ብቻ። መድፉ በሰረገላ ላይ ተቀምጧል፤ በጠፍር ታስሮ ብዙ መቶ ሰው ይስበዋል። መንገድ ስላልነበረ መንገዱም አብሮ ይሠራል። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሱ ውለዋል፤ ይህንን ጠላቶቻቸውም ጽፈውላቸዋል። ወደ ጂዳ ገደል ሲወረድ ከፊት መጎተት አይበቃም፤ ከኋላም መያዝ አለበት። ጠፍሩ ከላላ የሚያልፍበት አቅጣጫ አንድ ነው፤ ወደ ታች፣ በሰዎቹ ላይ። ከጂዳ ወጥቶ ደላንታን አቋርጦ እንደገና ወደ በሽሎ ይወረዳል፤ ከበሽሎ እንደገና ወደ መቅደላ ይወጣል። ይህንን አገር በእግሩ ያየ ሰው በቅሎ ባዶዋን የምታለከልክበት መሆኑን ያውቃል።

የተሳታፊዎቹ የስም ዝርዝር አልተያዘም። የፊርማ ወረቀትም የለም። ጾታቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የትምህርት ደረጃቸው አልተመዘገበም። እነዚህ ሰዎች ጋፋት ላይ የተሰጠውን ስልጠና አንድ ቀን ተቀምጠው አላዳመጡም፤ ከስልጠናው የወጣውን ምርት ግን ከራሳቸው ትከሻ በላይ የሚያውቀው የለም። ሰነዱን በሙሉ አገላብጬ «ማኅበረሰብ» የሚለው ቃል በተግባር የሚታይበትን አንድ ቦታ ፈለግሁ፤ ያገኘሁት እዚህ ብቻ ነው፤ ጠፍሩ ላይ።

ግብረ መልስ

የዚህን ግምገማ ረቂቅ ለባለድርሻ አካላት ለማቅረብ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ውሃው በየጠረጴዛው፣ ማስታወሻ ደብተሩ በየወንበሩ ተቀምጧል። ከሻይ ዕረፍት በኋላ ከኋላ ወንበር ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ይጠይቁ አባቴ፤ የማኅበረሰቡ ድምፅ ነው የምንፈልገው።»

«የኔ ድምፅ አልቋል፣ ሁለት ሁለት ስንኝ ልበልልህ፤» አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ከማሳ ከጎታ ከእርሻው አሸሸን፤
ዘንድሮስ ስልጠና በዝቶ አበል አሸን።

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም በማስታወሻዬ «ተጠቃሚው በአበሉ መጠን የተደሰተ መሆኑን በቃሉ ገለጸ» ብዬ ያዝኩ። ሽማግሌው ግን አልተቀመጡም።

«ሌላ አለኝ፤ ይሄንንም ጻፈው።»

መምህር ሞልቶ ሳለ ቀዬና ደብራችን፣
እኛ መቼ ተማርን ከነልጆቻችን።

«አባቴ፣ እጅግ ጠቃሚ አስተያየት ነው፤» አልኳቸው። «ማኅበረሰቡ ተጨማሪ ትምህርት እንደሚሻ ለለጋሾች እናስተላልፋለን።»

አጠገባቸው የተቀመጡ አሮጊት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ምን እንዳሳቃቸው ብጠይቅ «የለም ልጄ፣ አንተ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። በዚህ ግብረ መልስ መሠረት ሁለተኛ ዙር ስልጠና በምክረ ሐሳቡ ውስጥ እንዲካተት ተደርጓል።

የመውጫ ስልት

የዘመኑ ፕሮጀክቶች ትልቁ ድክመት የመውጫ ስልት አለመያዛቸው ነው። የጋፋቱ የመውጫ ስልት ግን እስከ ዛሬ አቻ አልተገኘለትም።

የእንግሊዝ ፓርላማ ለእስረኞች ማስፈቻ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ፈቀደ። ሥራው ሲጠናቀቅ የወጣው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ። በጀት ሲያልፍ የሚደነግጥ ሁሉ ከዚህ ይጽናና። ጄኔራል ሮበርት ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ ጓዝ ተሸካሚ፣ ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ይዞ ዙላ ላይ ወረደ፤ ከባሕር ዳር ወደ ውስጥ የሚገባ የባቡር ሐዲድም ዘረጋ። ለልማት የመጡት በዓመታት ያልዘረጉትን መሠረተ ልማት ለመውጫ የመጣው በወራት ዘረጋው፤ ሲወጣም ነቅሎት ሄደ።

በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ከኢትዮጵያውያኑ ወገን 700 ያህል ሰው አለቀ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ናቸው። ሰባስቶፖል በዚህ መካከል የእንግሊዝን ጦር ያቆመበት ደቂቃ የለም። በፋሲካ ማግስት መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሡ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ንግሥቲቱ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አጠፉ። ለደብዳቤው መልስ ባይመጣም ስጦታው ጥቅም ላይ ውሏል።

የንብረት ርክክቡም በሥርዓት ተከናወነ። ከብሪትሽ ሙዚየም የተላከ ባለሙያ ከጦሩ ጋር ስለነበረ የሚወሰደው በዕውቀት ተለየ። የብራና መጻሕፍቱ፣ ዘውዱ፣ ጽዋው፣ አልባሳቱ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጫኑ። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች የሙዚየሙ ንብረት ሆኑ። ሰባስቶፖል ብቻ ከባድ ስለነበር ቀረ። ከፕሮጀክቱ ዕቃ ለማኅበረሰቡ በቋሚነት የተላለፈው እሱ ነው።

አንድ የውጭ የትምህርት ዕድልም ተገኝቷል። ተጠቃሚው የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው፤ ሲሄድ 7 ዓመቱ ነበር። በእንግሊዝ ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ተማረ። ትምህርቱን ሳይጨርስ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ። የተመላሽነት ግዴታ ውል ስላልነበረ በዚህ ረገድ የሚጠየቅ አካል የለም።

ዘላቂነት

ሦስት የዘላቂነት ማስረጃዎች ቀርበዋል።

ቫልድማየር ከመቅደላ ወጥቶ ሊባኖስ ተቀመጠ። እዚያ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ኋላም አስፉሪያ ላይ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ቃል በቃል መዝግቤያለሁ፤ መጀመሪያ መድፍ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻ የአእምሮ ሕክምና። በልማት ዘርፍ የተሰማራ ሁሉ ይህንን ቅደም ተከተል ቢያጠናው ይጠቅመዋል።

ሞሪትዝ ሆል ኢትዮጵያዊት አግብቶ ነበር፤ ልጃቸው መግደሌና የሩሲያ ባሮን አገባች። የእሷ የልጅ ልጅ ፒተር ኡስቲኖቭ የዓለም ታዋቂ ተዋናይ ሆኖ ሁለት ኦስካር ወሰደ። ፕሮጀክቱ በትወና ዘርፍ ያስገኘው ይህ ውጤት በመጀመሪያው ዕቅድ ያልተካተተ ቢሆንም፣ ከመነሻው ጀምሮ ሁሉም ወገን ሲተውን ስለነበር እንግዳ አይሆንም።

ሦስተኛው ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ናፒየር ሲመለስ ላደረጉለት ትብብር ለትግራዩ ካሣ ምርጫ መድፎች፣ ከ800 በላይ ጠመንጃና ጥይት ሰጥቶ ሄደ። ከጦሩ የነበረ ጆን ኪርካም የሚባል እንግሊዛዊም የካሣን ሠራዊት ለማሰልጠን ተመለሰ። በ1863 ዓ.ም. ሐምሌ አሰም ላይ ያ የሰለጠነ ሠራዊት በቁጥር የሚበልጠውን የዋግሹም ጎበዜን፣ ያኔ አጼ ተክለ ጊዮርጊስ የተባሉትን፣ ሠራዊት ደመሰሰ፤ ካሣም አጼ ዮሐንስ ተባሉ። ከጋፋት እስከ አሰም ያለው ጊዜ ሲታይ ስልጠናው ከሁሉም ነገር በላይ ቀጣይነት ነበረው። የተቋረጠው ወንጌሉ ብቻ ነው።

ምክረ ሐሳብ

አንደኛ፣ ሰላም በራቀው አገር የሚሰጥ ማንኛውም ስልጠና ማን እንደሚገዛው ሳይሆን ማን እንደሚያዘው ይጠና። አናጢነትም፣ መንገድም፣ የቁጥር ትምህርትም ቢሆን ጌታው ከፈለገው መድፍ ይሆናል። ይህ ስለ ጥንቱ ጌታ የተባለ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚመጡ ደብዳቤዎች ይመለሱ። ወጪው የቴምብር ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ «አላውቅም» የሚል አሰልጣኝ ሲገኝ አሽከሩ አይታሰር። ራሱን ማሰርም አይመከርም፤ ይሸኝ።

አራተኛ፣ ፕሮጀክቱ በአጠቃላይ «እጅግ አጥጋቢ» ደረጃ ስላገኘ ሦስተኛ ምዕራፍ ቢጀመር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። በመስክ የታየው ብቸኛ የክህሎት ክፍተት ጎታቾቹ ጠፍሩን በስልታዊ መንገድ አለመያዛቸው ነው። ስለዚህ ለጎታቾች የሦስት ቀን የጠፍር አያያዝ ስልጠና ይዘጋጅ፤ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸው፤ አበሉ በበጀት እጥረት ምክንያት የማይከፈል ሲሆን፣ ጠፍሩን ከየቤታቸው ይዘው እንዲመጡ በቀበሌ በኩል በደብዳቤ ይገለጽላቸው።